«ቅርስ ነው» ከማለት በፊት ሒሳቡ ይታይ

የዌልስ መንግሥት የውሻ እሽቅድምድምን እንደሚያግድ አስታውቋል። ኒውዚላንድም በ2024 መጨረሻ ተመሳሳይ ውሳኔ አሳውቃለች። ተከራካሪዎቹ ግን «የሠራተኛው ሕዝብ ቅርስ ነው፣ አትንኩት» ይላሉ። ቅርስ ከሆነ እንግዲህ ታሪኩን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ግሬይሀውንድ የሚባሉትን ቀጫጭን ውሾች በማሽን የምትጎተት ሰው ሠራሽ ጥንቸል እያሳደዱ እንዲሮጡ ማድረግ የአሜሪካ ፈጠራ ነው። ወደ እንግሊዝ ያመጣው ቻርልስ መን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። ሐምሌ 1926 ማንቸስተር ላይ የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ የተገኘው ተመልካች 1,700 ገደማ ነበር። በዓመቱ፣ በ1927፣ ለንደን ዋይት ሲቲ ስታዲየም ውስጥ ትልቁ ሻምፒዮና ተጀመረ። ስሙንም ከታዋቂው የፈረስ ውድድር ተውሶ «ደርቢ» ተባለ።

ዋይት ሲቲ ለእኛ ለሩጫ ወዳጆች ባዕድ አይደለም። ዛሬ ማራቶን የምንለው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሮጠው በ1908 ኦሎምፒክ ሲሆን፣ ማብቂያው እዚያው ስታዲየም ነበር።

ሕዝቡ ወደ ውሻ ውድድር ለምን ጎረፈ? በ1906 የወጣ ሕግ የመንገድ ላይ ውርርድን ከልክሎ ነበር። የፈረስ መሮጫው ሩቅ ነው፣ ውድድሩም ቀን ነው። የውሻው ግን ከተማ ውስጥ፣ ማታ፣ ከሥራ መልስ ነው። ድሃው በሕግ ተፈቅዶለት የሚወራረድበት ደጅ አገኘ።

በ1929 እና በ1930 ደርቢውን ያሸነፈው ዝነኛው ሚክ ዘ ሚለር የአንድ አየርላንዳዊ ቄስ ውሻ ነበር። ፍጥነቱ ሲታይ በ800 ጊኒ ተሸጠ። የገዛው ማን ነው? አወራራጅ!

በ1966 የዓለም ዋንጫ ኡራጓይና ፈረንሳይ ዋይት ሲቲ ላይ የተጫወቱት፣ የዌምብሌይ ባለቤት የዕለቱን የውሻ ውድድር አልሰርዝም በማለቱ ነው። ገንዘቡ ከዓለም ዋንጫ በልጦበታል።

ግን ያኔም ቁልቁለቱ ተጀምሯል። በ1961 የውርርድ ሱቆች በሕግ ተፈቅደው በየሰፈሩ ሲከፈቱ ተመልካቹ ከስታዲየም እየራቀ ሄደ። ዋይት ሲቲ በ1984 ተዘጋ። ደርቢው የተዛወረበት ዊምብልደንም በ2017 ተዘጋ።

የማታው ጨዋታና ደስታ እውነት ነበር፣ አልክድም። ነገር ግን ሰው የመጣው ለውሻው ፍቅር ቢሆን ኖሮ፣ ሰፈሩ ውስጥ ሱቅ ስለተከፈተ ብቻ ባልቀረ ነበር። ገበያ ሲያረጅ ቅርስ ነኝ ማለት አይቻልም። ተወራራጁ ቢከስር ወዶ ነው። ኩርባው ላይ እግሩ የሚሰበረው ውሻ ግን ልወራረድ አላለም።