ሰነድ የሌለው በደል





ከወጣቶቻችን ጋር ስንቀመጥ «ሕግ ተምሮ ምን ይገኛል? ለተበዳይ መች ተፈርዶ ያውቃል?» የሚል ንግግር ደጋግመን እንሰማለን። ከህመም የመጣ ነውና አንንቀውም። ግን የአንድ ሰው ሕይወት እንይ።

ፕሮፌሰር ሸሪፍ በሲዩኒ እ.ኤ.አ. በ1937 ካይሮ ተወለዱ። ከ1964 ጀምሮ ቺካጎ በሚገኘው ዲፖል ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተማሩ። ሙያቸው የወንጀል ፍትሕ ነበር፤ ስለ ኢስላማዊው የወንጀል ሕግም ጽፈዋል። የቦስኒያ ሙስሊሞች ሲጨፈጨፉ የተባበሩት መንግሥታት በ1992 የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1993 ሊቀመንበሩ እሳቸው ሆኑ። በቂ በጀት ግን አልተሰጣቸውም። እሳቸው ተስፋ አልቆረጡም። ከበጎ አድራጊ ተቋማት ገንዘብ ፈልገው፣ በዩኒቨርሲቲያቸው የሕግ ተማሪዎችን አሰባስበው፣ ከ65 ሺህ በላይ ገጽ ሰነድና 300 ሰዓት የሚሆን ቪዲዮ አደራጁ። በ1998 የዓለም አቀፉ ወንጀል ፍርድ ቤት ሕግ ሮም ላይ ሲዘጋጅም የአርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ።

«ታዲያ ስሬብሬኒካ መች ቀረ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው። ሪፖርቱ በ1994 ቀረበ፤ በዓመቱ ሐምሌ 8 ሺህ ገደማ ወንዶችና ልጆች እዚያ ተገደሉ። ሰነድ ጥይት አይመክትም። ነገር ግን በ2017 ጄኔራል ራትኮ ምላዲች ዕድሜ ልክ የተፈረደበት በማስረጃ እንጂ በቁጣችን አይደለም። ፕሮፌሰሩ ፍርዱን ሳያዩ ከሁለት ወር በፊት ወደ አኺራ ሄደዋል። አላህ ይዘንላቸው።

እኛ መድረሳ ሐዲስ ስንቀራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰነዱ ነው፦ ማን ተናገረ? ከማን ሰማ? ተናጋሪው ታማኝ ነው? በደልን ስናወራ ይህን ዒልም የት ጣልነው? ቀን የሌለው ፎቶ እንለጥፋለን፤ ማታውኑ የሌላ አገር ፎቶ ሆኖ ይገኛል። ያኔ የሚጎዳው በእርግጥ የተበደለው ወንድማችን ነው፤ ነገ እውነቱን ሲናገር የሚያምነው ያጣል።

ስለዚህ ሕግ የምትማሩ፣ ትምህርታችሁን አትናቁት። ሌሎቻችን በደል ስናይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የምስክሩን ስም እንጻፍ፤ ቪዲዮውን ሳንቆርጥ እናስቀምጥ፤ የተበዳይን ፊት ያለ ፈቃዱ አንበትን። ፈራጅ የሚመጣው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ሲመጣ ግን ባዶ እጃችንን አያግኘን።

ወላሁ አዕለም።