ስሙ የእኛ ነው፤ መንገዱስ?

ይህን መጽሔት ያነሣችሁት ከእንጀራውና ከበርበሬው አጠገብ ከሆነ፣ የዛሬው ወጋችን ስለዚያው ሱቅ ነው። ስለ ሱቁ ብቻም አይደለም። ከፊቱ ስላለው የእግረኛ መንገድ፣ ስለ ማቋረጫው መብራት፣ ስለ ዛፉ ጥላ፣ ልጆች ስለሚጫወቱበት ቦታም ጭምር ነው። እነዚህን ነገሮች ማን ነው የሚወስናቸው? ሲወሰኑስ እኛ የት ነን?

ከፌርፋክስ እንጀምር። ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወረድ ብሎ ያለው የፌርፋክስ ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመው በፈረንጆቹ 2002 ዓ.ም. ኦገስት ላይ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ውሳኔ ነው። ምግብ ቤቶቹና ሱቆቹ ግን ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ነበሩ። ቡናው ይፈላ ነበር፣ ሰው ይሰባሰብ ነበር፣ ታቤላው ግን አልነበረም። ስሙ ከሰማይ አልወረደም። የማኅበረሰባችን ሰዎች ጠይቀው፣ ደጅ ጠንተው ያመጡት ነው። ዛሬ ልጆቻችን «የእኛ ሰፈር» እያሉ ፎቶ የሚነሱበት ታቤላ የዚያ ድካም ፍሬ ነው።

ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ታቤላ ኪራይ አይከፍልም። በካሊፎርኒያ ከ1987 ጀምሮ ያለ የክልሉ ሕግ፣ ከተሞች በሱቅና በምግብ ቤት ኪራይ ላይ ጣሪያ እንዳያስቀምጡ ይከለክላል። ስለዚህ ከተማው ሰፈሩን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ቢሰይምም፣ የሕንጻው ባለቤት ኪራዩን ሲጨምር ሊያስቆመው አይችልም። ሱቆቹ አንድ በአንድ ከለቀቁ፣ ስሙ ብቻውን ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ትንሽ መልካም ዜና ግን አለ። ከ2025 ጃንዋሪ ጀምሮ የሚሠራ አዲስ የካሊፎርኒያ ሕግ ለትንንሽ ነጋዴዎች ትንፋሽ ይሰጣል። ከ10 ያነሰ ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት፣ ወይም ባለቤቱን ጨምሮ ከ5 ያልበለጠ ሰው የሚሠራበት ሱቅ፣ ኪራዩ በየወሩ የሚታደስ ከሆነ፣ ጭማሪው ከ10 ፐርሰንት ሲበልጥ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ተከራዩ ራሱ «እኔ በዚህ ሕግ የምካተት ነኝ» ብሎ ለባለቤቱ በጽሑፍ ካላሳወቀ መብቱ አይሠራለትም። ሱቅ ያላችሁ፣ ወይም ሱቅ ያለው ዘመድ ያላችሁ፣ ይህን ጉዳይ ነገ ዛሬ ሳትሉ ለሚያውቅ ሰው አማክሩ።

አሁን ከ20 ማይል በላይ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሎንግ ቢች እንውረድ። እዚያ ያላችሁ አንባቢያን በአናሃይም ስትሪት ስታልፉ «ካምቦዲያ ታውን» የሚለውን ሳታዩ አትቀሩም። ስሙ የጸደቀው በ2007 ነው። ካምቦዲያውያኑ እንደ ብዙዎቻችን ከጦርነትና ከስደት የመጡ ሰዎች ናቸው። ግን በስሙ ብቻ አልቆሙም። ዛሬ በዚያው ሰፈር ያለው የማርክ ትዌይን ቤተ መጻሕፍት በክመር ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት በብዛት አሉት። ከተማው በ2013 የቋንቋ ፖሊሲ ሲያወጣም ከእንግሊዝኛ ሌላ ስፓኒሽ፣ ክመርና ታጋሎግ ተካተቱ። አማርኛ የለም። ቁጥራችን ያንሳል፣ እሺ። ግን ያልጠየቀ፣ ቁጥሩ ቢበዛም አይቆጠርም።

እዚያው ሎንግ ቢች ሌላ ትልቅ ትምህርት አለ። 710 ፍሪዌይን ታውቁታላችሁ፤ ከወደቡ የሚወጡት ከባድ መኪኖች ሌሊትና ቀን የሚጎርፉበት ነው። ጭሱ በዳር ባሉት ሰፈሮች ልጆች ላይ ምን እንደሚያደርግ አስም ያለበት ልጅ ያላት እናት ትነግራችኋለች። የካውንቲው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ሜትሮ፣ ይህንኑ መንገድ ለማስፋት ለዓመታት ሲያቅድ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች፣ በተለይም እናቶች፣ በየስብሰባው እየቆሙ «መንገዱ ሲሰፋ መኪናው ይበዛል እንጂ አይቀንስም፤ ቤታችንም ይፈርሳል» አሉ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም የአየሩ ጉዳይ በደንብ ይጠና አለ። በሜይ 2022 የሜትሮ ቦርድ የማስፋቱን ዕቅድ ተወው። ከዚያም ነዋሪዎች የተቀመጡበት ኮሚቴ አዲስ ዕቅድ ላይ ሲመክር ቆይቶ በ2024 ጸደቀ። በቢሊዮን ዶላር የተገመተ ሥራ ያስቆሙት ተራ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አፋቸውን ያልፈቱበት ነበሩ።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አልተለመደም» የሚል ካለ፣ አገር ቤትን ያስታውስ። እድር ምንድን ነው? ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ስንቱ እድር ነው የሰፈሩን መንገድ ያስጠረገ፣ ዘበኛ የቀጠረ! ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በደርግ ጊዜ 5 ዓመት ታስረው ከወጡ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ድሃ ሰፈሮች ውስጥ ከነዋሪው ጋር ሲሠሩ ኖረዋል። ሰውን ከሰፈሩ ሳያነሡ፣ ቤቱን እዚያው እያደሱ፣ የጋራ መጸዳጃና መተላለፊያ እያሠሩ፣ ጤናውንና የሴቶቹን ገቢ አብረው እያዩ። የሥራቸው መሠረት ነዋሪው ራሱ የሚጎድለውን ያውቃል የሚል ነበር። በ2024 ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ደግሞ ሌላውን ገጽታ አየን። ቤት የተሰጠው ሰው እንኳ ጎረቤቱንና እድሩን ይዞ አልሄደም።

ታዲያ እዚህ አገር ውሳኔው የት ነው ያለው? በሩ ክፍት ነው፤ የምንገባው እኛ ነን። ሎስ አንጀለስ በ1999 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ቻርተሯ ኔበርሁድ ካውንስል የሚባሉ የሰፈር ምክር ቤቶችን አቋቁማለች። ዛሬ 99 ያህል ናቸው። የሊትል ኢትዮጵያን ክፍል የሚመለከተው ፒኮ የሚባለው ነው። እዚያ ለመምረጥ ዜግነት አይጠየቅም። በሰፈሩ መኖር፣ መሥራት ወይም ንብረት መያዝ ይበቃል። ዕድሜውም ከ16 ዓመት ይጀምራል። በሎንግ ቢች ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባል፤ የሰፈር ማኅበራትም አሉ።

በካሊፎርኒያ ሕግ መደበኛ ስብሰባ የሚነጋገርበት አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ለሕዝብ መለጠፍ አለበት። ማንም ሰው ተነሥቶ መናገር ይችላል። ለመግባት ስምህን ተናገር፣ ወረቀት አሳይ ሊባል አይገባም። የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ነው። አጭር ነው፤ ግን «ከሱቃችን ፊት ያለው ማቋረጫ ለአዛውንቶች አይበቃም» ለማለት 20 ሰከንድ ይበቃል። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቁ በራሱ «አማርኛ ተናጋሪ አለ» ማለት ነው። ብቻችሁን አትሂዱ። እድራችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማኅበራችሁ በወር ሦስት ሰው ቢመድብ፣ ተራው ለማንም አይከብድም።

ለልጆች ደግሞ ሥራ አለን! ቅዳሜ ከአያታችሁ ጋር ወደ ሱቅ ስትሄዱ ደብተር ያዙ። አንደኛ፣ የእግረኛው መብራት ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቁጠሩ። አያታችሁ ሳይቸኩሉ ይደርሳሉ? ሁለተኛ፣ በአንድ ብሎክ ውስጥ ስንት ዛፍ አለ? ስንት ቦታስ የተሰበረ የእግረኛ መንገድ አለ? ሦስተኛ፣ ደከም ያለው ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር አለ? ከዚያ እናንተ እንግሊዝኛውን፣ እማዬና አባዬ ደግሞ ታሪኩን ይዛችሁ አንድ ላይ ሪፖርት አድርጉ። ሎስ አንጀለስ ከሆናችሁ 311 ይደወላል፤ ሎንግ ቢች ከሆናችሁ «ጎ ሎንግ ቢች» የሚባለው አፕ በስልክ ይሠራል። ፎቶ አያይዙ፣ የተሰጣችሁን ቁጥር ጻፉ፣ በሁለት ሳምንት ካልተሠራ ደግማችሁ ጠይቁ።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጅ አገሩን የምናስተምረው በቋንቋና በምግብ ብቻ አይደለም። አባቱ በስብሰባ ቆሞ ስለ ሰፈሩ ሲናገር ያየ ልጅ፣ ባለቤት መሆን ምን እንደሆነ ያውቃል። እናቱ በተሰበረ እንግሊዝኛ ስትናገር ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጣት ያየች ልጅ፣ በእንግሊዝኛዋ አታፍርም።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፤ የሰፈራችሁን የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀን ፈልጋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ። ልጆቹ የቆጠሩትን ሰከንድና ዛፍም ከጎኑ ለጥፉት። ስትሄዱ ይዛችሁት ትገባላችሁ።

ሰላም ሁኑ።