ሱቅ መዝጋት ከእንግዲህ አያዋጣም

ወንድሞቼ፣ በመርካቶ አቧራ አብረን የሸበትን ጫማ ሰፊዎችና ነጋዴዎች፤ የምናገረው መራራ ነውና ታገሡኝ።

በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲመጣብን ጮኸናል። ገማቹ ደጃፍ ላይ ቆሞ በዓይኑ መዝኖ ይጥልብን ስለነበር እውነት ነበረን። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ግን ሱቃችንን ቆለፍን። የእኔም ተቆልፎ ነበር፤ አልክድም።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይዘዋል። አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከኢኮኖሚዋ አንጻር ትንሽ ነው እያሉ መረቡን ያሰፋሉ፤ ገበያውንም ለውጭ ይከፍታሉ። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የግብር ከፋዮችን ደረጃ «ሐ» አስቀርቶ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የደረሰውን ሁሉ «ሀ» ውስጥ አስገብቷል። በ2011 ያጸደቅነው የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነትም በአገራችን በ2018 መጀመሪያ ወደ ሥራ ገብቷል። በ1995 ያመለከትንበት የዓለም ንግድ ድርጅት ድርድር ደግሞ ከረዥም እንቅልፉ ነቅቷል።

ግብሩ ፍትሐዊ ነው አላልኩም። ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ደመወዝ 2,000 ሲደርስ ኑሮው ጥሎት ሄዶ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የራሳችን ጓዳ ነው። ቀረጥ ጣሪያችን ነበር፤ ጣሪያው ቀስ በቀስ ሊነሳ ነው። ግብር ሰብሳቢ በሩ ሲዘጋበት ተመልሶ ይሄዳል፤ ቀረጥ የወረደለት የኬንያ ወይም የግብፅ ዕቃ ግን የእኛን በር አያንኳኳም።

የእኛስ ጫማ ወደ እነርሱ ይሄዳል? ልጄ ሊልክ አስቦ ስለ ስሪት አገር ሰርተፊኬት ሲያጠያይቅ፣ ቆዳው ከየት እንደተገዛ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል አሉት። መሳቢያዬን ከፈትኩ። ያገኘሁት በእርሳስ የተሞላ የዱቤ ደብተር ነው፤ «ከእገሌ 40 ቆዳ፣ ቀሪ 3 ሺህ»። ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁት ደረሰኝ ለካ የጫማዬ ፓስፖርት ኖሯል። ባንክም ብድር ስንጠይቀው የሚፈልገው ያንኑ ወረቀት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አሁን ጊዜ እያለ እንታጠቅ። ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ስትሸጡ ቁረጡ፣ መዝገብ የሚይዝ ልጅ ቅጠሩ። ግብሩ ከበዛባችሁ መዝገባችሁን ይዛችሁ ይግባኝ በሉ። መዝገብ የሌለው ሰው ግን ከገማቹም ከባዕዱ ዕቃም ፊት ባዶ እጁን ነው የሚቆመው።