የሚላጠው ቀለም የማን ጥፋት ነው?

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንም ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚጓዝ ሰው ቀለማቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተገሸለጠ የቆርቆሮ በሮችንና አጥሮችን ሳያይ አያልፍም። ባለቤቱ ቀለሙን ይረግማል፤ ቀለም ቀቢው ክረምቱን ያማርራል፤ ባለሱቁም ፋብሪካውን ይወቅሳል። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሱቁ ባንኮኒ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዚንኩ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ ለቀለም ግን አዳላጭ ገጽ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ ቅባት ወይም ሌላ መከላከያ ተቀብቶ ስለሚመጣ ቀለም አይይዝም። ከዚህም የከፋው፣ የዘይት ቀለም በቀጥታ ሲቀባበት የዘይቱ አሲድ ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ከቀለሙ ሥር ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል። ያን ጊዜ ቀለሙ መያዣ ያጣል። ዝናቡና የደጋው ፀሐይ የተሠራውን ስሕተት ይገልጡታል እንጂ ዋናዎቹ ጥፋተኞች እነርሱ አይደሉም።

ይህ ሆኖ ሳለ ለቆርቆሮ በር ቀለም ለሚጠይቅ ገዢ፣ ለጥቁር ብረት የተዘጋጀውን በዘይት የተበጠበጠ አንቲረስት ማቅረብ የተለመደ ሆኗል።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ቆርቆሮው በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቃል፤ ነጭ ዱቄት ቢታይበት በጠንካራ ብሩሽ ይራገፋል። ከደረቀም በኋላ ዚንኩ ሳይፋቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይታሻል። ቀጥሎ ለዚንክ ተብሎ የተሠራ ፕራይመር፣ በላዩም ከእርሱ ጋር የሚስማማ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል። ሥራው በበጋ፣ የጧቱ ጤዛ ከደረቀ በኋላ ቢጀመርና ብርዱ ሳይመለስ ቢያበቃ ይመረጣል።

ፕራይመሩ ዋጋ ይጨምራል የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ነገር ግን የተላጠውን ፍቆ እንደገና ማስቀባት የቀለምም የጉልበትም ኪሳራ ነው። ቀለሙ ቶሎ ቢላጥ ገዢው ተመልሶ ይገዛል ብሎ የሚያስብም ቢኖር፣ የተከፋ ደንበኛ የሚመለሰው ወደ ሌላ ሱቅ መሆኑን ይወቅ።

ስለዚህ አስመጪዎች ለዚንክ የሚስማማውን ፕራይመር ከአማርኛ መመሪያ ጋር ያቅርቡ። ባለሱቆችም ከመሸጣቸው በፊት «የሚቀባው ጥቁር ብረት ነው ወይስ ቆርቆሮ?» ብለው ይጠይቁ። ተገቢው ፕራይመር ከሌላቸው፣ አዲሱ ቆርቆሮ ለጊዜው ሳይቀባ ቢቆይ እንደሚሻል በቅንነት ይንገሩ፤ ዚንኩ ብቻውን ይጠብቀዋልና። በዚያ ቀን አንድ ቆርቆሮ ቀለም ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል፤ የነጋዴው ስም ግን አይላጥም።