«አንድነት» በመደበኛና በቪአይፒ

አራት ኪሎ ያለው አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲመረቅ መግቢያው ለመደበኛ ጎብኚ 200፣ ለቪአይፒ 1,000 ብር ነበር። ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,100 ብር ነው። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ሳይቆጥሩ ከደመወዙ ሲሶ በላይ በሩ ላይ ያራግፋሉ። የአንድ ሰው ቪአይፒ ትኬት ደግሞ ወር ሙሉ የተለፋበትን ይጠርገዋል።

«ደመወዝ አድጓል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆኗል። ጤፉ፣ የቤት ኪራዩና ታክሲውስ ባሉበት ቆሙ? ኑሮ ሲከብድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የልጆች መዝናኛ ነው። ከመካኒሳ አቦ ታክሲ ቀያይሮ አራት ኪሎ የሚደርስ ቤተሰብ ትኬት ሳይቆርጥ ኪሱ ሳስቷል።

አንበሳው ሥጋ፣ አትክልቱ ውሃ፣ ሠራተኛው ደመወዝ ይፈልጋል፤ ትኬት መኖሩ አያጣላም። የሚያጣላው በሕዝብ ቅጥር ግቢ ውስጥ ዋጋው ሰው መለያ ሲሆን ነው። ስለዚህ የሕዝብ ፓርኮች ሁሉ ቢያንስ በወር አንድ እሑድ በነፃ ይከፈቱ። ጭማሪ ሲኖርም አስቀድሞ፣ ከነምክንያቱ ይነገር። አለዚያ «የሕዝብ» የሚለው ቃል ከበሩ ላይ ይነሣ።