ጥሪ የሚሰማበት ቤት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፥ በጉለሌ ዳገት ላይ፥ ያረጁ ሰፋፊ ቤቶች ዛሬም እዚህም እዚያም ይታያሉ። በረንዳቸው ሰፊ፥ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፥ ግቢያቸውም ባሕር ዛፍና ጽድ የበቀለበት ነው። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ አባትና እናት፥ ስድስት ሰባት ልጆች፥ ለትምህርት ከገጠር የመጣ የወንድም ልጅ፥ አያትና ሠራተኞች በአንድነት እንዲኖሩባቸው ታስቦ ነበር። ዛሬ ግን በብዙዎቹ ውስጥ የቀሩት ሁለት አረጋውያን፥ አንዳንድ ጊዜም አንዲት ባልቴት ብቻ ናቸው። ልጆቹ ከፊሎቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ከፊሎቹም በከተማው ሌላ ዳርቻ የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋል። ቤቱ ግን እንደ ጥንቱ ሰፊ ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ወር ከእናንተ ጋር ልንመክርበት የወደድነው ነገር ይህ ነው፤ ሰው በሽምግልናው ዘመን ሰፊውን ቤት ትቶ ወደሚመችና ወደ ጠበበ ቤት ቢገባ ውርደት ነውን? ወይስ ማስተዋል?

በጉለሌ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት እናውቃለን። ስማችንን አትጥሩ፥ ታሪካችን ግን ለሌላው የሚጠቅም ከሆነ ንገሩ ብለውናል። ባልየው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸውም ዕድሜያቸውን ሁሉ ቤት ሲያስተዳድሩና ልጆች ሲያሳድጉ የኖሩ እናት ናቸው። ቤታቸው ዘጠኝ ክፍል አለው። ከዘጠኙ ሰባቱ ተቆልፈው ይውሉ ነበር፤ ነገር ግን የተቆለፈው ክፍልም መጠረጉ፥ ጣሪያው ሲያፈስ መጠገኑ፥ አይጥ ሲገባበት መታደኑ አይቀርም። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት በስተኋላ ስለ ሆነ፥ ወጡም ቡናውም የሚመጣው ስምንት የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ ነበር።

እኒያ እናት ነገሩን ቀድመው አንሥተው ነበር። «ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ትንሽ ቤት ይበቃናል» ብለው ቢናገሩ ባለቤታቸው አልተቀበሉም። ያልተቀበሉትም በከንቱ ግትርነት አልነበረም። ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በወጣ ጊዜ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይፈቀድም ስለ ተባለ፥ ከአባታቸው ሦስት ቤቶች ሁለቱ ተወስደው ይህ አንዱ ቀረ። ያን ዘመን ያየ ሰው የቀረለትን አንድ ቤት እንደ ቤት ብቻ አያየውም። «ሁለቱ ሲሄዱ ይህ የተረፈው፥ እኔ በገዛ እጄ እንድለቀው ነው?» ይሉ ነበር። ደግሞም «ልጆቹ ሲመጡ የት ይገባሉ?» ይሉ ነበር። ልጆቹ ግን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ መጥተው ሁለት ሳምንት ተቀምጠው የሚመለሱ ናቸው።

በአንድ የክረምት ማለዳ እኒያ እናት በድንጋዩ ደረጃ ላይ አዳለጣቸውና ወደቁ፤ የእጃቸውም አንጓ ተሰበረ። ባለቤታቸውን ተጣሩ። እርሳቸው ግን በፊት ለፊቱ ክፍል ዜና ይሰሙ ነበርና፥ በመካከላቸውም አራት ግድግዳ ነበረና፥ አልሰሙም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁርስ ዘገየብኝ ብለው ሲወጡ በዝናብ ርሰው አገኟቸው። በዚያች ማለዳ ሚስት ለባል የተናገሩት ቃል ከጆሯችን አይጠፋም። «እርስዎ ቤቱን ይጠብቃሉ፤ እኔን ማን ይጠብቀኝ?»

ከዚያ በኋላ ነበር ምክር የተጀመረው። ታላቁ ልጅ ከባሕር ማዶ ሆኖ በከተማው ዳርቻ በአዲስ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፥ ቤት ልግዛላችሁ አለ። ሄደው አዩት። ቤቱ ብርሃናም ነው፤ መታጠቢያውና ማድ ቤቱም ከውስጥ ናቸው። ነገር ግን አሳንሰር የለውም፤ መምህሩም ደረጃውን ሲቆጥሩ ሃምሳ አራት ሆነ። እናትየዋ ግን ያሰቡት ሌላ ነገር ነበር። የእድራቸው ሰዎች፥ የማኅበራቸው ጽዋ፥ የነፍስ አባታቸው፥ ሁሉም ጉለሌ ናቸው። «እዚህ ብታመም ማን ያውቀኛል?» አሉ። እውነት ለመናገር በአዲሶቹ ሰፈሮችም ነዋሪው የራሱን እድር ያቋቁማል፤ አዲስ ገቢውንም የመግቢያ ገንዘብ አስከፍሎ ይቀበላል። ነገር ግን ለአርባ ዓመት አብሮ ያስተዛዘነን እድር ትቶ በሰባ አራት ዓመት አዲስ ወዳጅነት መጀመር ቀላል አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው በከንቱ አይደለም።

በመጨረሻ መፍትሔው ከገዛ ግቢያቸው ተገኘ። ከግቢው በር አጠገብ፥ በደልዳላው ቦታ፥ ጥንት ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረ ባለ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ቤት ነበር። እርሱን አሳደሱት። ደፉን አስተካከሉ፥ በሩን አሰፉ፥ መጸዳጃውን ወደ ውስጥ አስገቡ፥ በግድግዳውም ላይ የሚያዝ ብረት አስተከሉ። ሰፊውን ቤት ልጆች ላሉት ቤተ ሰብ አከራዩት፤ ኪራዩም ለጡረታው ደሞዝ ድጋፍ ሆነ። ሦስተኛዋን ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ለነበሩ ባልንጀራቸው ለአንዲት ባልቴት ሰጡ። አሁን ቡናው በአንድ ረከቦት ይፈላል፤ አንዱ ያመመው እንደ ሆነ ሌላው ይሰማል፤ ከበሩም ውጭ የሚያልፈው ጎረቤት ሳያንኳኳ «እንደምን አደራችሁ» ይላል።

ይህን ስንል ሁሉ ነገር ማር ሆነ ማለታችን አይደለም። መምህሩ እስከ ዛሬ ሌሊት ተነሥተው ወደ ትልቁ ቤት ይመለከታሉ። የተከራዮቹ ልጆች የአባታቸውን የበረንዳ መስተዋት የሰበሩ ቀን ምሳ አልበሉም። ብዙ መጻሕፍትና ሁለት ትልልቅ ቁም ሣጥኖችም በአዲሱ ቤት አልገባ ብለው ለሰው ተሰጥተዋል። ሰፊ ቤት መተው ሐዘን አለው፤ ሐዘኑንም የለም ማለት አይገባም። ነገር ግን ባለቤታቸው ሲጣሩ አሁን ይሰማሉ።

ይህ ከሰፊ ወደ ጠባብ የመሄድ ነገር ለጉለሌ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ በሚለው በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተማቸውን መሥርተው ነበር። ነገር ግን ብርዱ ስለ ከበደ፥ ማገዶም ስለ ራቀ፥ ወደ ሞቃቱ ወደ ፍልውሃ ሜዳ ወረዱ፤ እቴጌ ጣይቱም ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ንጉሥም ቢሆን ኑሮ የከበደውን ስፍራ ትቶ ወደሚመቸው ይሄዳል። እቴጌይቱ ራሳቸው ደግሞ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ከተገለሉና በ1906 ዓ.ም. ምኒልክ ካረፉ በኋላ ከታላቁ ቤተ መንግሥት ወጥተው በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። ያችም ቤተ ክርስቲያን በ1882 ዓ.ም. ባለቤታቸው ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡባት ናት። እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1910 ዓ.ም. ድረስ ኑሯቸው በዚያ ነበር። በእርሳቸውና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ግን እርሳቸው የሄዱት በሌሎች ፈቃድ መሆኑ ነው። እኛ ጊዜው ሳያልፍ በራሳችን ፈቃድ መምረጥ እንችላለን።

ደግሞም በአገራችን በሽምግልና ወደ ጉባኤ ኑሮ መግባት የቆየ ልማድ ነው። ብዙ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ድረው ሲያበቁ ሀብታቸውን አካፍለው፥ ቆብ ደፍተው፥ በገዳም ወይም በደብር ዙሪያ ትንሽ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬም የሚኖሩ አሉ። በዴንማርክ አገር አረጋውያን የየራሳቸው ቤት ኖሯቸው በአንድ ማእድ የሚገናኙባቸው የጋራ መኖሪያዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተስፋፍተዋል። እነርሱ በዕቅድና በሕንፃ የሠሩትን ነገር አባቶቻችን በጎጆና በደጀ ሰላም ሲኖሩበት ቆይተዋል። ጧሪ ለሌለው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደ ተመሠረተው እንደ መቄዶንያ ያለ መጠለያ አለ። ጧሪም ቤትም ያለው ሰው ግን የራሱን ነገር ራሱ አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባዋል።

እንግዲህ በዚህ ነገር ለሚያስቡ ጥቂት ምክር እንጨምር።

መጀመሪያ፥ ምክሩ ሁለቱም በሕይወትና በጤና ሳሉ ይሁን። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ መሠረት የባልና የሚስት የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ካረፈ በኋላ ግን የሟቹ ድርሻ ወደ ወራሾች ስለሚያልፍ፥ ለሁለት ሰው ይቀል የነበረው ነገር የስድስት ሰው ፊርማ ይጠይቃል፤ ከስድስቱም አራቱ በሌላ አገር ይሆናሉ።

ሁለተኛ፥ ኑዛዜ ሳይጻፍ አይቆይ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት በአንድነት የሚናዘዙት ኑዛዜ አይጸናም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው መናዘዝ አለበት። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜም በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ ዋጋ የለውም፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ይህን ባለማወቅ በመልካም ልብ የተጻፈ ኑዛዜ ፈርሶ ወንድማማች የሚካሰስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛ፥ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለመግባት የሚያስብ ሰው ስለ ዋጋው ብቻ አይጠይቅ። ስንተኛ ፎቅ ነው? አሳንሰር አለው ወይ? ቤተ ክርስቲያኑና ጤና ጣቢያው በእግር ይደረሳል ወይ? ብሎ ይጠይቅ። ብዙዎቹ አራት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች አሳንሰር ስለሌላቸው፥ ለአረጋዊ ሰው ምድር ቤቱ ከሁሉ ይመረጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ እያንዳንዱ ባለ ቤት ለጋራው ወጪ እንዲያዋጣ ያዛል፤ ስለዚህ ማኅበሩ በሚገባ የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

አራተኛ፥ ለልጆች የምንለው አለን። ወላጆቻችሁን ከጎረቤታቸው ነቅላችሁ በሚያብረቀርቅ ቤት ብቻቸውን አታስቀምጡ። የላካችሁት ገንዘብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ በሌሊት ሲጠሩት አይነሣም። ደግሞ «ቤቱ ይቆየን» ብላችሁ ሽማግሌ አባታችሁን የእናንተ ትዝታ ጠባቂ ዘበኛ አታድርጉት።

አረጋውያን ወላጆቻችን ሆይ፥ በዚህ ሁሉ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው። የቤት ክብሩ በክፍሉ ብዛት አይደለም፤ በውስጡ የሚኖረው ሰው ሲጣራ «አቤት» የሚለው ማግኘቱ ነው። ዛሬ ማታ ከመኝታችሁ ሆናችሁ አንድ ጊዜ ተጣሩ። መልስ ከመጣ እግዚአብሔርን አመስግናችሁ ተኙ። ካልመጣ ግን፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው፥ ነገ ጠዋት ልጆቻችሁንና የነፍስ አባታችሁን ጠርታችሁ ምክሩን ጀምሩ።