ጥፋቱ የአበባው አይደለም



ባለፈው ስብሰባ ላይ «በበረንዳና በኮሪደር ያለው ሳክሲያ ሁሉ ይነሳ፤ ከእንግዲህም አይግባ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ በጭብጨባ ሊያልፍ ጥቂት ነበር የቀረው። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ቅሬታቸው እውነት ነው። ከ4ኛ ፎቅ የወረደ የጭቃ ውሃ 2ኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ነጠላ አበላሽቷል። በሐምሌ ደግሞ ከበረንዳ ብረት ላይ የወደቀ ሳክሲያ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ተከስክሷል። ልጆቹ የተረፉት ዝናቡን ሸሽተው ገብተው ስለነበረ ብቻ ነው። ይህን አንክድም። ግን ሳክሲያውን ብረቱ ላይ ያወጣው ማነው? አበባው ራሱ አልወጣ! እኛ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ክልከላውን እንቃወማለን፤ ምክንያታችንንም ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

ከመካከላችን ብዙዎቹ ሠፈራቸው ፈርሶ ምትክ ተሰጥቷቸው የመጡ፣ ቀድሞ ግቢ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በራቸው ላይ ጤና አዳም፣ አጥሩ ሥር ጠጅ ሳርና አሪቲ ነበራቸው። ዛሬ ያላቸው መሬት አንድ ሳክሲያ ነው። ለቡናቸው ጤና አዳም የሚቆርጡትን እናት በር አንኳኩቶ «እማማ፣ ይህንንም ያንሱ» የሚል ኮሚቴ ካለ እሱ ይሂድ፤ እኛ አንሄድም።

እንዲህ ስንል ግን አበባ ወዳዶቹም አያጨብጭቡልን። ለእነሱም የምንለው አለን።

ነገሩ ከሚገዛበት ሰዓት ጀምሮ ይበላሻል። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ዘንድ ሄደን፣ ፀሐይ እየመታው የሚያብረቀርቅ ፋይከስ እናያለን፤ ዓይናችን ይወደዋል፤ እንገዛለን። ይዘነው የምንገባው ግን ቀን በቀን መብራት ወደሚበራበት ስቱዲዮ ነው። ፋይከስ ቦታ ሲቀየርበትና ብርሃን ሲያንሰው ቅጠሉን ማራገፍ ባሕርዩ ነው። «ታመመ» እንልና ውሃ እናበዛበታለን። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በመጨረሻ ለመጣል ጨክነን አንጥለውም፣ ኮሪደር ላይ እናወጣዋለን። በ3ኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ስንት ዱላ የመሰለ ፋይከስ እንደቆመ ሄዳችሁ እዩ። ኮሪደርና ደረጃ በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሁላችን የጋራ ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት የምትወርድበት፣ አስከሬን የሚወጣበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ ከከልካዮቹ ጋር አንድ ነን፦ ከኮሪደር ሁሉም ይነሳ።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት ቤትን ማየት ነው። እኩለ ቀን ላይ አበባውን ልናስቀምጥ ባሰብንበት ቦታ ነጭ ወረቀት ዘርግተን እጃችንን ከላዩ እንያዝ። ጥላው ጥርት ብሎ ጣት የሚያስቆጥር ከሆነ ብርሃኑ ብዙ ነው። ድብዝዝ ያለ ከሆነ መካከለኛ ነው። ጥላ የሚባል ከሌለ ጨለማ ነው፤ እዚያ አበባ የሚያወጣ ነገር አንጠብቅ። ሌላም ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በአዲስ አበባችን ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ግን ወደ ሰሜን ትዞራለች። መስኮቱ ወደ ደቡብ የሆነ ሰው በበጋ ቅጠሉ ሲቃጠልበት፣ ወደ ሰሜን የሆነው ደግሞ በግንቦት ድንገት ፀሐይ ሲገባበት «ምን ነካው?» ይላል። ምንም አልነካውም፤ ፀሐይዋ ናት የዞረችው። ሳክሲያውን አንድ ክንድ ፈቀቅ ማድረግ ይበቃል።

ፀሐይ በደንብ ለሚያገኝ በረንዳ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ሬትና ጄራኒየም ይስማሙታል። (ጤና አዳም ስትቆርጡ እጃችሁን ታጠቡ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል።) ብርሃን ለሚያንሰው ሳሎን ደግሞ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚያድገው ሳንሴቬሪያና የሚንጠለጠለው ፖቶስ አሉ።

ቀጥሎ ራሳችንን እንይ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ጀሪካን ተሸክሞ 4ኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው እርጥበት የሚወደውን ፈርን ምን ብሎ ይገዛል? ለመስክ ሥራ ወጥቶ ሁለት ሳምንት የሚያድር ሰውስ? ሳንሴቬሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይጠጣ ይቆያል፤ እንዲያውም የሚገድለው ውሃ ማብዛት ነው። ጣትን አፈር ውስጥ ከትቶ፣ ደርቆ ከተገኘ ማጠጣት፣ እርጥብ ከሆነ መተው። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ጨውና ሳሙና ከሌለበት ይሆናል፤ ለምን ይደፋል?

ሕፃን ያለበት ቤት ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ። ዲፈንባኪያ የሚባለው፣ ሰፋፊ ቅጠሉ ነጭ ነጭ የተረጨበት፣ በብዙ ቤት አለ። ሕፃን ካኘከው አፍና ምላሱን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ፖቶስም በመጠኑ ያው ነው፤ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ሳንሴቬሪያንም ቢሆን ልጅ ባያኝከው ይሻላል። ሻጩ ይህን አይነግረንም። የሚነግረን «አየር ያጠራል» የሚለውን ነው። ይህ ወሬ የመጣው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጥናት ሲሆን፣ ሙከራው የተደረገው ጥርቅም ብሎ በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ሲያሰላው፣ በተራ ቤት ውስጥ ከውጭ የሚገባው አየር የሚያጠራውን ያህል ለማጥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል። ታዲያ እኛ የት እንተኛ? የከሰል ጭስ ያለበት ቤት መስኮት ይክፈት። አበባ የሚገዛ ሰው ለውበቱ፣ ለሽታው፣ ለቡናው ይግዛ፤ ይበቃል።

ስለ ክብደቱም እንናገር። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን በረንዳ ብረት ላይ በሽቦ አስሮ መተኛት ድፍረት እንጂ አበባ መውደድ አይደለም።

ስለዚህ በመጪው ስብሰባ በክልከላው ፈንታ የምናቀርበው ይህ ነው፦ ሳክሲያ ሁሉ ከበረንዳው ብረት ወዲህ፣ ወለል ላይ ይቀመጥ። ከሥሩ ውሃ የሚይዝ ሳሕን ይኑረው፤ በሳሕኑ የተጠራቀመውም ቢንቢ እንዳያራባ ቶሎ ይደፋ። ልብስ ከታች ተሰጥቶ ሳለ ማንም አያጠጣ። ብረት ላይ የተገኘ ሳክሲያ ባለቤቱ በዚያው ቀን ያውርድ፤ እምቢ ካለ ማኅበሩ ያወርደዋል። ይህን የሚቃወም ካለ በስብሰባው ላይ ተነስቶ ይናገር እንጂ ደረጃ ላይ አያንሾካሹክ።

በጽሕፈት ቤታችን መስኮት ላይ ያለው ስፓይደር፣ ነጭ መስመር ያለበት ረጅም ቅጠል ያለው፣ ልጆች አንጠልጥሏል። ተክሉ ለሕፃንም ለድመትም አይመርዝም፤ መካከለኛ ብርሃን ይበቃዋል። የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቂጡ የተበሳ ቆርቆሮና ትንሽ አፈር ይዞ ይምጣ፤ በነፃ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ